ጠብታው ዓይን ውስጥ ገብቷል? የግላኮማ መድኃኒት አወሳሰድ እንዴት ይለካል

ለምን መለካት አስፈለገ

ግላኮማ በአብዛኛው ሰው ላይ ሲጀምር አያምም። ድንገት ተነሥቶ ዓይንን አቅልቶ ራስን የሚያሳምም ዓይነት አለ፤ ነገር ግን በብዛት የሚታየው፣ ሐኪሞች ክፍት ማዕዘን የሚሉት ግላኮማ፣ ዓይንን ከአንጎል ጋር የሚያገናኘውን ነርቭ ዓመታት ወስዶ በዝግታ ይጎዳል። መጀመሪያ የሚጠፋው የዳር እይታ ነው። አንዱ ዓይን የሌላውን ጉድለት ስለሚሸፍን ሰውየው ያነባል፣ መኪና ይነዳል፣ ታምሜያለሁም ብሎ አያስብም። አንዴ የጠፋ እይታ ደግሞ አይመለስም። መድኃኒቱ የዓይን ውስጥ ግፊትን አውርዶ የቀረውን እይታ ለማቆየት ብቻ ነው የሚሰጠው።

እስቲ የታማሚውን ድርሻ አስቡት። ለማያመው ሕመም፣ ሲጨምረው ምንም መሻሻል የማያይበትን ጠብታ፣ ዕድሜ ልኩን በየቀኑ ዓይኑ ውስጥ ይጨምራል። አንዳንዱ ጠብታ ያቃጥላል፣ አንዳንዱ ዓይን ያቀላል፣ ዋጋውም ቀላል አይደለም። አንድ ማታ ቢዘለል በማግስቱ የሚቀሰቅስ ሕመም የለም። ስለዚህ የሚዘል ሰው መብዛቱ ሊያስገርመን አይገባም።

ችግሩ የሚመጣው ሐኪሙ ጋ ነው። የታማሚው ግፊት ከፍ ብሎ ሲገኝ ምክንያቱ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ መድኃኒቱ አልሠራም፣ ወይ መድኃኒቱ ዓይን ውስጥ አልገባም። ሁለቱ የሚፈልጉት መፍትሔ ፈጽሞ የተለያየ ነው። ሐኪሙ መለየት ካልቻለ ሁለተኛ ጠርሙስ ይጨምራል፣ ከዚያ ሦስተኛ፣ ከዚያ ቀዶ ሕክምና ያስባል። አንዱን ጠርሙስ መጨመር ያቃተው ሰው ሦስት ጠርሙስ ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል ማለት ነው። እኔ የመድኃኒት አወሳሰድን መለካት አስፈላጊ ነው የምለው ሰውን ለመያዝ ሳይሆን ይህን ስሕተት ለማስቀረት ነው።

«ግፊቱን ራሱን መለካት አይበቃም ወይ?» የሚል ተማሪ በማስተምርበት ክፍል ሁልጊዜ አለ። አይበቃም። በብዛት ከሚታዘዙት ጠብታዎች አንዱ የሆነው ላታኖፕሮስት ማታ አንድ ጊዜ ይጨመራል፤ ግፊት ማውረድ የሚጀምረው ከሦስትና ከአራት ሰዓት በኋላ ሲሆን ጉልበቱ የሚጠነክረው ከስምንት እስከ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። አንድ ሰው ለሳምንታት ትቶት ከቆየ በኋላ ከቀጠሮው በፊት ባሉት ጥቂት ማታዎች ቢጨምር ጠዋት ክሊኒክ ውስጥ የሚነበበው ቁጥር ያማረ ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ «ጎበዝ፣ በዚሁ ይቀጥሉ» ይለዋል። ነርቩ ግን ባለፉት ሳምንታት ሲጎዳ ቆይቷል።

በመጠየቅ መለካት

ቀላሉና ርካሹ መንገድ ታማሚውን መጠየቅ ነው። ይህ መንገድ የት ላይ እንደሚሳሳት ከተናገሩት ጥናቶች ቀዳሚ የሆነውን ሚካኤል ካስና ባልደረቦቻቸው ሴንት ሉዊስ በሚገኘው ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ አካሂደው በ1986 አሳተሙት። በዚያን ጊዜ ፒሎካርፒን የሚባለው ጠብታ በቀን አራት ጊዜ ይጨመር ነበር። ተመራማሪዎቹ ለ184 ታማሚዎች በተከፈተ ቁጥር ሰዓቱን የሚመዘግብ፣ መዝጋቢ መሆኑ የማያስታውቅ ጠርሙስ ሰጧቸው። ታማሚዎቹ ሲጠየቁ ከታዘዘላቸው 97.1 በመቶውን እንደጨመሩ ተናገሩ። ጠርሙሱ የመዘገበው 76 በመቶ ነበር። ከመቶ ስድስቱ ከታዘዘው ሩቡን እንኳ አልጨመሩም።

ይህን ቁጥር ሲሰሙ «ዋሹ» የሚሉ አሉ። እኔ እንደዚያ አላየውም። ሰው የሚያስታውሰው የደንቡን ነው፤ «ማታ ማታ እጨምራለሁ» ሲል ልማዱን እየተናገረ ነው እንጂ ቀኑን እየቆጠረ አይደለም። በእኛ ሰው ላይ ደግሞ ይሉኝታ ይጨመርበታል። ነጭ ጋዋን የለበሰ፣ ሥራ የበዛበት ሐኪም ፊት ተቀምጠው «ሳምንቱን ሙሉ አልጨመርኩም» ማለት ለብዙ እናትና አባት ሐኪሙን እንደማስቀየም ነው የሚቆጠረው። ልጅ እያስተረጎመ ከሆነ ነገሩ ይብሳል፤ እናት ልጇ ፊት ጥፋቷን አትዘረዝርም፣ ልጅም የእናቱን መልስ አሳምሮ ያቀርባል። በአሜሪካ የፌደራል ገንዘብ የሚያገኝ ሆስፒታል እንግሊዝኛ ለማይችል ታካሚ አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት። እዚህ አትላንታ ዙሪያ፣ ክላርክስተንም ሆነ ዲኬተር፣ ስቶን ማውንቴንም ሆነ መሀል አትላንታ ላይ ቀጠሮ ያላችሁ ወገኖች ቀጠሮ ስትይዙ «የአማርኛ አስተርጓሚ» ብላችሁ ጠይቁ፤ ልጃችሁን ከዚህ ሸክም አሳርፉት።

አጠያየቁም ራሱ ልዩነት ያመጣል። «መድኃኒትዎን እየጨመሩ ነው አይደል?» የሚል ጥያቄ መልሱን በአፉ ይዞ የመጣ ነው፤ «አዎ» ከማለት በቀር የሚተወው በር የለም። «አብዛኛው ሰው አንዳንድ ማታ ያመልጠዋል። እርስዎን ባለፈው ሳምንት ስንት ማታ አመለጠዎት?» የሚለው ግን መዝለል ያለ ነገር መሆኑን አስቀድሞ ይቀበላል፣ ጊዜውን ለማስታወስ በሚቻል ሳምንት ይወስናል፣ መልሱም ቁጥር ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ያስደበቀው ጠያቂው ነው።

ዶናልድ ሞሪስኪ በ1986 ያወጡት አራት ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅም ይህንኑ ለማስተካከል የታሰበ ነው። መርሳትን፣ ቸልተኝነትን፣ ሲሻል ማቆምንና ሲብስ ማቆምን ለየብቻ ይጠይቃል። በ2008 ወደ ስምንት ጥያቄ ያደገው መጠይቅ በብዙ አገር ለብዙ ዓይነት በሽታ አገልግሏል። በአዲስ አበባ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል በግላኮማ ታማሚዎች ላይ ተደርጎ በ2016 የታተመ ጥናት፣ መድኃኒታቸውን በአግባቡ የሚጨምሩት 42.6 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ዘግቧል። ልብ በሉ፤ በመጠየቅ የሚገኝ ቁጥር ብዙውን ጊዜ ከእውነቱ ከፍ የሚል ነው።

ይህ ሁሉ ሲባል ግን መጠየቅ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። በአሜሪካ አዲስ የግላኮማ ታማሚዎችን በጠብታ ወይም በቀዶ ሕክምና ጀምሮ ለዓመታት የተከታተለ ትልቅ ጥናት ነበር። ጠብታ የደረሳቸው ሰዎች በየቀጠሮው «ስንት ጊዜ አመለጠዎት?» ተብለው ይጠየቁ ነበር። ፖላ አን ኒውማን-ኬሲ የመሩት የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ቡድን እነዚያን መልሶች ከእይታ ስፋት ምርመራ ጋር አስተያይቶ በ2020 አሳተመ። አንድም ቀን አመለጠኝ ያላሉት በስምንት ዓመት ውስጥ በዚህ ምርመራ መለኪያ በአማካይ 0.62 ዴሲቤል እይታ ብቻ አጡ፤ ይህ በዕድሜ ብቻ የሚመጣውን ያህል ነው። ከቀጠሮዎቻቸው በሲሶው ላይ አምልጦኛል ያሉት 1.42 አጡ፣ በሁለት ሲሶው ላይ ያሉት 2.23። እንግዲህ ሰው «አመለጠኝ» ሲል እመኑት። ጥርጣሬ የሚያስፈልገው «አንድም ቀን አላመለጠኝም» የሚለው መልስ ላይ ነው።

ሰዓት የሚመዘግበው ጠርሙስ

ከካስ ጥናት በኋላ መሣሪያዎቹ ተሻሻሉ። አንዱ ዓይነት ክዳኑ ውስጥ ትንሽ ኤሌክትሮኒክ መዝጋቢ ያለው ሰፋ ያለ ብልቃጥ ነው፤ የዓይን ጠብታው ጠርሙስ እንዳለ ውስጡ ይቀመጣል፣ ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር ቀንና ሰዓት ይጻፋል። ሌላው ትራቫታን ለተባለው ጠብታ ብቻ ተብሎ የተሠራ ነበር፤ ጠርሙሱ ውስጡ ይገባል፣ ጠብታ ለማውጣት ማንሻው ይጫናል፣ የተጫነበት ሰዓት ይመዘገባል።

በዚህ በሁለተኛው መሣሪያ ኮንስታንስ ኦኬኬና ባልደረቦቻቸው 196 ታማሚዎችን ለሦስት ወር ተከታትለው ውጤቱን በ2009 አወጡ። መድኃኒቱ በነጻ ተሰጥቷል። ታማሚዎቹም እንደሚመዘገቡ ያውቁ ነበር። እንዲህም ሆኖ መሣሪያው የቆጠረው አማካይ 71 በመቶ ነው። ታማሚዎቹ የተናገሩት 95፣ ሐኪሞቻቸው የገመቱት 77 ነበር። የሐኪሞቹ ግምት ለመሣሪያው መቅረቡ አያታልላችሁ፤ የብዙ ሰው አማካይ ትክክል ሆኖ ሳለ ፊት ለፊት በተቀመጠው በአንዱ ታማሚ ላይ ግን ግምቱ ጨርሶ ሊስት ይችላል፤ ሕክምና ደግሞ የሚሰጠው ለአንድ ሰው ነው።

ከዚህ ጥናት እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሌላ ነጥብ ነው። ከግማሽ በታች የጨመሩት ሰዎች ከቀጠሮ እንደተመለሱ ባሉት ቀናትና ቀጣዩ ቀጠሮ ሲቃረብ በደንብ ጨምረው ተገኙ፤ የተውት መሀሉን ነው። ከላይ ግፊትን መለካት አይበቃም ያልኩት በዚህ ምክንያት ነው።

መሣሪያው ራሱም ጉድለት አለበት። ክዳን መከፈቱን ያውቃል፤ ጠብታው ዓይን ላይ ይረፍ ጉንጭ ላይ አያውቅም። ለጉዞ ጠርሙሱን አውጥቶ ኪሱ የከተተ ሰው ለአንድ ሳምንት እንደተወ ሆኖ ይመዘገባል። የልጅ ልጅ በጨዋታ የጫነውም እንደ መድኃኒት ይቆጠራል። ዋጋውና ጣጣውም ስላለ ከምርምር ወጥቶ በየክሊኒኩ አልተለመደም።

የፋርማሲ መዝገብ ስሌት

ለብዙ ሺህ ሰው የሚያገለግለው ርካሽ መንገድ የፋርማሲና የኢንሹራንስ መዝገብ ነው። ስሌቱ ቀላል ስለሆነ አብረን እንሥራው። እንበልና አንዲት እናት የ30 ቀን ጠርሙስ ታዘዘላቸው። በስድስት ወር፣ ማለትም በ180 ቀን ውስጥ፣ በ1ኛው፣ በ40ኛው፣ በ85ኛውና በ130ኛው ቀን አራት ጠርሙስ ወሰዱ። አራት ጊዜ ሠላሳ 120 ቀን ይሸፍናል። 120 ለ180 ሲካፈል 67 በመቶ። ብዙ ጥናት 80 በመቶን እንደ ማለፊያ ስለሚይዝ እኚህ እናት «በአግባቡ አይወስዱም» ተብለው ይመደባሉ። ሰማንያ የሚለው ልክ ግን ተመራማሪዎች የተለማመዱት ወሰን ነው፤ በ79 ነርቭ የሚሞትበት፣ በ81 የሚድንበት ምክንያት የለም።

አሁን ጠርሙሱን ራሱን በእጃችሁ ያዙት። የላታኖፕሮስት ጠርሙስ 2.5 ሚሊ ሊትር ነው፤ ከአውራ ጣት ብዙም አይበልጥም። ወደ 80 ጠብታ ገደማ ይወጣዋል። ለሁለት ዓይን ማታ ማታ አንድ አንድ ጠብታ ቢጨመር በወር 60 ያልቃል፤ ለስሕተት የሚተርፈው ሃያ ብቻ ነው። እኚያ እናት እጃቸው እየተንቀጠቀጠ የመጀመሪያው ጠብታ ጉንጫቸው ላይ ቢወድቅና ለእያንዳንዱ ዓይን ሁለት ሁለት ቢያወጡ በቀን አራት ይሆናል። ጠርሙሱ በ20ኛው ቀን አለቀ። ፋርማሲ ሲሄዱ «ሪፊል ገና ነው፣ ኢንሹራንሱ አይከፍልም» ይባላሉ። ዐሥር ቀን ያለ መድኃኒት ይቆያሉ፣ በ30ኛው ቀን ይወስዳሉ። በመዝገቡ ላይ መቶ በመቶ ናቸው። ጎበዝ ታማሚ ተብለው የሚቆጠሩት እኚህ ሴት በየወሩ ለዐሥር ቀን ዓይናቸው ጥበቃ የለውም።

የሜዲኬር አስተዳደር ይህን ተረድቶ በ2010 የዓይን ጠብታ ከታሰበው ጊዜ 70 በመቶው ሲያልፍ እንዲሞላ የሚፈቅድ መመሪያ ለኢንሹራንሶች አውጥቷል፤ ለ30 ቀን ጠርሙስ ሲሰላ 21ኛው ቀን ላይ ማለት ነው። ሜዲኬር ያላችሁ ጠርሙሳችሁ ቶሎ ካለቀ ይህንን ለፋርማሲስታችሁ ጥቀሱ። ለሐኪምም ቢሆን ከመቶ በላይ የወጣ የሪፊል ቁጥር ጥሩ ምልክት ላይሆን ይችላል፤ ጠብታው እየባከነ መሆኑን እየነገረው ሊሆን ይችላልና አንዴ ታማሚው ፊቱ እንዲጨምር አድርጎ ቢያይ መልካም ነው።

በሌላም በኩል መዝገቡ የማያያቸው ጠርሙሶች አሉ። ሐኪም ቤት በናሙና የተሰጠው፣ በኢንሹራንስ ሳይሆን በጥሬ ገንዘብ የተገዛው፣ ፋርማሲው በራሱ ጊዜ እየሞላ በፖስታ የሚልከውና ሳይከፈት መደርደሪያ ላይ የሚከማቸው።

አትላንታ ላይ የተደረገው ሙከራ

እስካሁን ያየናቸውን መለኪያዎች አጣምሮ የሠራ ጥናት እዚሁ አትላንታ ተደርጓል። የኢሞሪ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች የተሳተፉበት፣ ካረን ግላንዝ የመሩት ጥናት ነው፤ በአጭር ስሙ አይ-ሳይት ይባላል፤ ውጤቱ በ2012 ወጣ። በሁለት የሆስፒታል ዓይን ክሊኒኮች ከ18 እስከ 80 ዓመት የሆናቸው 312 የግላኮማ ታማሚዎች ተመዘገቡ። የተመረጡት መድኃኒት የማይጨምሩ፣ ሪፊል የማይወስዱ ወይም ቀጠሮ የሚቀሩ በመሆናቸው ነው። በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። አንዱ ቡድን በየጊዜው አውቶማቲክ ስልክ ይደወልለታል፤ ቅጂው ይጠይቃል፣ ሰውየው ይመልሳል፣ በመልሱ መሠረት ለእሱ የሚስማማ ምክር ይሰጠዋል፤ ለየሰው የተዘጋጀ ጽሑፍም በፖስታ ይደርሰዋል። ሌላው ቡድን የተለመደውን ሕክምና ብቻ ያገኛል።

የመለኪያው አሠራር የሚመሰገን ነው። በአንድ ምንጭ አልተወሰኑም፤ ቃለ መጠይቅ፣ የሕክምና ካርድ፣ የቀጠሮ መዝገብና የፋርማሲ መረጃ አንድ ላይ ተጠቀሙ። ሦስት ነገር ለየብቻ ለኩ፤ መድኃኒት መጨመርን፣ ሪፊል መውሰድንና ቀጠሮ ማክበርን።

ውጤቱ እንዲህ ሆነ። የተደወለላቸው ሰዎች በሁሉም መለኪያ ተሻሻሉ። ያልተደወለላቸውም በሁሉም መለኪያ ተሻሻሉ። በሁለቱ ቡድኖች መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም።

ብዙ ሰው ይህን ሰምቶ «እንግዲህ ስልኩ አልሠራም» ብሎ ያልፈዋል። እኔ ግን በክፍል ውስጥ ረጅሙን ጊዜ የምሰጠው ለዚህ ውጤት ነው፤ ስለ መለካት የሚያስተምረው ብዙ ነውና። ምንም ያልተደረገላቸው ሰዎች ለምን ተሻሻሉ? አንደኛው ማብራሪያ በእውነት ምንም አልተደረገላቸውም ማለት ስለማይቻል ነው። ጥናት ውስጥ ገብተዋል፣ ፈርመዋል፣ ሰው ቁጭ ብሎ «ጠብታውን እንዴት እየጨመሩ ነው? ምን ያስቸግርዎታል?» ብሎ ጠይቋቸዋል፤ ቆይቶም ተመልሶ ጠይቋቸዋል። ተመራማሪዎቹም ተሳትፎውና ቃለ መጠይቁ ራሱ አስተዋፅኦ ሳያደርግ እንዳልቀረ አንሥተዋል። መለካቱ የሚለካውን ነገር ለወጠው።

ሁለተኛው ማብራሪያ የአመራረጡ ነው። ከመላው ክፍል በአንድ ፈተና ዝቅተኛ ያመጡትን ብቻ ለይታችሁ ሌላ ፈተና ብትሰጡ፣ ምንም ሳታስተምሯቸው አማካያቸው ከፍ ይላል፤ አንዳንዱ በመጀመሪያው ቀን ታሞ ወይም ሳይቀናው ቀርቶ ነበርና። የአትላንታዎቹም ሰዎች የተያዙት በክፉ ጊዜያቸው ነው። ሥራ የለወጠ፣ ኢንሹራንሱ የተቋረጠበት፣ ለቅሶ ላይ የነበረ ይኖርባቸዋል። ጊዜው ሲያልፍ ከፊሉ በራሱ ይመለሳል።

ከሁለቱ ማብራሪያዎች የትኛው ምን ያህል እንደሠራ ከውጤቱ ብቻ መለየት አይቻልም። አንድ ነገር ግን ግልጽ ነው፤ ለማነጻጸሪያ የሚሆን ሁለተኛ ቡድን ባይኖር ኖሮ ስልኩ ትልቅ ለውጥ እንዳመጣ ተቆጥሮ ገንዘብ ይፈስበት ነበር። «ይህን ፕሮግራም ጀምረን የታማሚዎቻችን አወሳሰድ በዚህን ያህል በመቶ ጨመረ» የሚል ዘገባ ከየትም ይምጣ፣ ከአትላንታም ይሁን ከአዲስ አበባ፣ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ «ያልጀመሩትስ ምን ሆኑ?» የሚል ይሁን።

ከጠርሙሱ እስከ ዓይን

ፋርማሲው ሰጥቷል፣ ክዳኑ ተከፍቷል፣ ታማሚውም «ጨምሬያለሁ» ብሏል እንበል። ሁሉም እውነት ሆኖ ሳለ ዓይኑ ደረቅ ሊሆን ይችላል። ታማሚዎች ጠብታ ሲጨምሩ በቪዲዮ የቀረጹ ጥናቶች «ምንም አልቸገርም» ከሚሉት ብዙዎቹ ዓይናቸውን እንደሚስቱ፣ የጠርሙሱን ጫፍ ከዓይናቸው ወይም ከሽፋናቸው እንደሚያነካኩ፣ በአንዴ ብዙ ጠብታ እንደሚያወጡ አሳይተዋል። ጫፉ ሲነካካ ጀርም ይገባበታል።

ስለዚህ ርካሽና እውነተኛ ከሆኑት መለኪያዎች አንዱ ማየት ነው። «እስቲ ያሳዩኝ» ብሎ አርቲፊሻል እንባ አቀብሎ መመልከት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ራስ ወደ ኋላ ያዘነብላል፤ የታችኛው ሽፋን በጣት ዝቅ ተደርጎ ትንሽ ኪስ ይሠራል፤ አንድ ጠብታ እዚያ ይገባል፤ ዓይን ይከደናል፤ በአፍንጫ በኩል ያለው የዓይን ጥግ በጣት ለአንድ ሁለት ደቂቃ ቀስ ተብሎ ይያዛል። ሁለተኛ ዓይነት ጠብታ ካለ አምስት ደቂቃ ይቆያል፤ አለበለዚያ ሁለተኛው የመጀመሪያውን አጥቦ ያወጣዋል። እጁ የማይረጋ ሰው ተኝቶ ቢሞክር፣ ወይም ቤተሰብ ቢጨምርለት ይሻላል።

መጠይቁ የማይጠይቃቸው

እዚህ አሜሪካ የተዘጋጁት መጠይቆች መርሳትን፣ ዋጋን፣ የጎንዮሽ ጉዳትን ይጠይቃሉ። የእኛ ሰው የሚዘልበት ምክንያት ግን ሁልጊዜ እዚያ ዝርዝር ውስጥ አይገኝም።

አንዱ ጾም ነው። ጠብታ በእንባ ቧንቧ በኩል ወደ ጉሮሮ ስለሚወርድ ይመራል፤ የመረራቸው ምእመን «ጾሜን ገደፍኩ» ብለው ጠዋት የሚጨመረውን ቲሞሎል የተባለ ጠብታ ሊተዉት ይችላሉ። ይህ መርሳት አይደለም፤ ታስቦበት የተወሰነ ነው፤ «ይረሳሉ?» ተብለው ቢጠየቁ እውነታቸውን «አልረሳም» ይላሉ። የዓይን ጥግ መያዙ ወደ ጉሮሮ የሚወርደውን በእጅጉ ይቀንሰዋል። የቀረውን ከንስሐ አባት፣ ወይም ሙስሊም ከሆኑ ከሚያምኗቸው ሼክ ጋር መነጋገር ነው። ማታ የሚጨመር መድኃኒት ይስማማዎት እንደሆነ ሐኪሙን መጠየቅም ይቻላል። ጸበል የገቡ እንደሆነም መድኃኒት አቋርጠው የሚቆዩ አሉ። ይህን ያለ ፌዝና ያለ ቁጣ «ጸበል ላይ ሳሉ ጠብታውን ይጨምሩ ነበር?» ብሎ የሚጠይቅ ሐኪም ካገኙ እውነቱን ይነግሩታል።

ሌላው ሻንጣ ነው። እዚህ በስማቸው የተሞላውን ጠርሙስ አዲስ አበባ ላለ ወንድማቸው የሚልኩ አሉ። በፋርማሲው መዝገብ ላኪው በአግባቡ የሚወስድ ነው፤ ዓይኑ ግን እየተጎዳ ነው። ወንድምየውም ያለ ምርመራ፣ ያለ ክትትል በሌላ ሰው ማዘዣ ይታከማል። ሻንጣ ደግሞ ማቀዝቀዣ አይደለም፤ ላታኖፕሮስት ሳይከፈት ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው የሚቀመጠው፤ ከተከፈተ ከ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በማይበልጥ ቦታ እስከ ስድስት ሳምንት ይቆያል። የመላኩን ፍቅር አልነቅፍም። ግላኮማ በቤተሰብ ስለሚተላለፍ እህትና ወንድምን ማሰብ ተገቢ ነው፤ የሚጠቅማቸው ግን መጀመሪያ ዳግማዊ ምኒልክ ወይም ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የዓይን ሕክምና ማዕከል ሄደው እንዲመረመሩ ማድረግ ነው። በ2006 በመላው ኢትዮጵያ በተደረገው የዓይነ ስውርነት ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር ሆኖ ሲገኝ፣ ከእነዚህ 5.2 በመቶ የሚሆኑት ለዚህ የበቁት በግላኮማ ነው። ከሞራ ግርዶሽ ጋር ሲተያይ ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ሞራ ግን በቀዶ ሕክምና ይገፈፋል፣ የግላኮማው አይመለስም።

ጠብታ ሲቀር የሚለካው

ጠብታን በየቀኑ መጨመር ይህን ያህል ከባድ ከሆነ፣ ጠብታውን ራሱን የማስቀረት ሐሳብ መምጣቱ አይቀርም። በእንግሊዝ 718 ሰዎች የተሳተፉበትና በ2019 የታተመው ጥናት ሕክምናን በጠብታ ሳይሆን በሌዘር መጀመርን ፈትሿል። በሌዘር ከጀመሩት 74.2 በመቶው ከሦስት ዓመት በኋላም ያለ ጠብታ ግፊታቸው በሚፈለገው ልክ ነበር። በአሜሪካ ደግሞ መድኃኒትን ዓይን ውስጥ ተቀምጦ ቀስ በቀስ የሚለቅ ቢማቶፕሮስት የያዘ እንክብል በ2020፣ ትራቮፕሮስት የያዘ ሌላ መሣሪያ በ2023 መጨረሻ ተፈቅደዋል። ጠብታ በተደጋጋሚ የሚያመልጠው ሰው ይህን አንሥቶ ሐኪሙን ቢጠይቅ መብቱ ነው፤ ሐኪሙም የአወሳሰድ ልኬቱን ለዚህ ውሳኔ ቢጠቀምበት ልኬቱ ሥራ ላይ ዋለ ማለት ነው።

ከሌዘር በኋላ ግን ጉልበቱ ከዓመታት ቆይታ ሊዳከም ይችላል፤ የእንክብሉም መድኃኒት ያልቃል። ግፊቱ ተመልሶ ሲወጣ እንደ በፊቱ ምንም አያምም። ከእንግሊዞቹ ሩብ ያህሉም በሦስት ዓመት ውስጥ ጠብታ ወይም ሌላ ሕክምና አስፈልጓቸዋል፤ ይህ የታወቀው በቀጠሯቸው ቀን መጥተው ስለተለኩ ነው። ጠብታ የሌለበት ታማሚ ላይ የሚቆጠር ጠርሙስም ሪፊልም የለም። የሚለካው የአትላንታው ጥናት ከሦስቱ አንዱ አድርጎ የያዘው ነው፤ ቀጠሮ ማክበር።